ከቤት የተነካካ ስፌት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ልክ ከስፌት መኪናው በላይ፣ በካርቶን ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ «ከቤት የተነካካ ልብስ አይታረምም» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው አዲስ ኮቱን ይወስድና እቤቱ ሲደርስ እጅጌው ረዘመብኝ ብሎ በምላጭ ይተረትረዋል። ሚስቱ ደግሞ ባገኘችው ነጭ ክር ትጠቅምለታለች። ከሳምንት በኋላ ኮቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣና «ምነው ጌታው፣ ስፌትዎ አልያዘም እኮ!» ይባላል። አባቴ ኮቱን አገላብጦ ያያል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ በአገጩ ወደ ካርቶኑ ያመለክታል። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የምትለዋን ተረት የሚጨምራት ሰውየው ደጁን ከወጣ በኋላ ነው። ጨዋ ሰው ነው አባቴ።

ይህን የማወራው ለሱቁ ገበያ ላመጣለት ብዬ አይደለም። በአርባ ዓመት ውስጥ ከቤት ተነካክቶ ከተበላሸው ሥራ ሁሉ የከፋው የእኔ ቀኝ ጉንጭ ስለሆነ ነው። የነካካውም ራሱ አባቴ ነው።

ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ራሳቸውን የሚያዩበት ቁመተ ረጅም መስታወት ነበር። ግድግዳው ላይ እንዲሁ ተደግፎ ነው የቆመው፤ የያዘው ነገር ቢኖር የአባቴ ቃል ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ይኼን መስታወት ቸንክረው» ስለው ሦስት ዓመት ሙሉ «ነገ» ይለኛል። እኔም እየሳቅኩ አልፈዋለሁ፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ መሆኑን ማን ልብ አለ? አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀሚሴን ጠርዝ በስፒል ልይዝ መስታወቱ ሥር አጎንብሼ ሳለሁ፣ አባቴ ከመስታወቱ ኋላ የቆመውን የጨርቅ ጥቅል ሳብ ሲያደርግ መስታወቱም አብሮ መጣ። ነገ የተባለው ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ከጉንጬ አጥንት እስከ መንጋጋዬ ጥግ ተሰነጠቅኩ። አባቴ ደሜን ያቆመው እጁ ላይ በነበረው የሰው ኮት ነው፤ ገበሩ ገና ትናንት የገባለት። ወደ ሐኪም ቤት በወሰደን መኪና ውስጥ ሆኜ «ለባለቤቱ ምን ብለን እንነግረዋለን?» እያልኩ አስብ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አባቴ ምንም አያስብም ነበር፤ እያለቀሰ ነበር።

የሰፋችኝ ሐኪም ከማጠሯ የተነሳ መርገጫ ላይ ወጥታ ነው የምትሠራው። ድምጿ ግን ቁመቷን አያውቅም። ከውስጥ ሰፍታ፣ ከላይ አሥራ አራት ጊዜ ቋጥራ ስትጨርስ «በስድስተኛው ቀን እኔው ራሴ እፈታዋለሁ» አለች። «እስከዚያ ንፁህ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ እጅ አይድረስበት። የማንም እጅ!» እኔም አባቴም ራሳችንን ነቀነቅን። ራስ በመነቅነቅ የታወቅን ቤተሰብ ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ፊቴን ማየት አቆመ። «ደህና አደርሽ?» የሚለው ለግራ ትከሻዬ ነው። ልብስ ሰፊ ትከሻ ማየት ልማዱ ስለሆነ ሌላ ሰው ልብ አላለውም፤ እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረኝና «እንቅልፍ አልጠገብሽም» ወይም «ዛሬስ አምሮብሻል» ይለኝ ነበር። ያ ቀረ። ስለዚህ ጠባሳው ጠባብ እንዲሆን የፈለግኩት ለቁንጅና ብቻ አልነበረም። ቁንጅናውንም አልጠላሁትም፣ ለምን እዋሻለሁ? ዋናው ግን አባቴ አንድ ቀን አገጬን ይዞ፣ ሳያፍር፣ ዓይን ዓይኔን እንዲያየኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታችን ፋሻውን ልቀይር ስፈታው አክስቴ መጣች። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ በቤታችን «ሬዲዮ» ነው የምትባለው፣ ማጥፊያዋ ስለጠፋ። ባንድ እጇ የማር ብልቃጥ፣ በሌላው ግማሽ ሎሚ፣ በቦርሳዋ ደግሞ ለማንኛውም ብላ የጥርስ ሳሙና ይዛለች።

«እኔ እንግዲህ ሐኪም አይደለሁም» አለች። ይህችን ስትጀምር በአካባቢው ያለ ሐኪም ሁሉ ቢደበቅ ይሻለዋል። «ግን ይኼ ነገር ምነው እንዲህ ተቆልሎ ቆመ?»

አባቴ መቀሱን አስቀምጦ መጣ። መነጽሩን አስተካክሎ አጎነበሰ። አራት ቀን ሙሉ ያላየኝ ሰው አየኝ። እኔን ሳይሆን ስፌቱን ነው ያየው፤ ቢሆንም ዓይኖቹ ከፊቴ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበሩ።

«ማነው የሰፋው?» አለ።

«ሐኪሟ ናት እንጂ! አብረኸኝ ነበርክ እኮ።»

«ይኼማ ተጨማዷል። ሁለቱን ጠርዝ ሽቅብ ገፍታ ነው የሰፋችው፣ አየሽው? ክሩንም አክርራዋለች። እንዲህ እንደ ቆመ ከደረቀ ዕድሜ ልክሽን ጉንጭሽ ላይ ገመድ ተጋድሞ ልትኖሪ ነው።»

«እጅ አይድረስበት ተብሏል፣ አባዬ።»

«የተጨማደደ ስፌት በጊዜ ተተርትሮ በካውያ ካልተኛ በኋላ ማን ያቃናዋል?»

«በካውያ?!»

«ለነገሩ ነው ያልኩት።»

«እጁ ወርቅ ነው!» አለች አክስቴ። «ለስንቱ ሙሽራ የሰፋ እጅ ለገዛ ልጁ ያንሳል?»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የራሴ ደመወዝ፣ የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ አፍ አለኝ። ግን አባቴ ስለ ስፌት ተናግሮ የተሳሳተበትን ቀን አላስታውስም። ደግሞም እያየኝ ነበር። እምቢ ብል ተመልሶ ወደ ትከሻዬ እንደሚወርድ ገብቶኛል። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ? ጉንጬን ሰጠሁት።

ንጽሕናውን ለማማት አፍ የለኝም። ትንሿን ሹል መቀስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቀቀላት። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ከመሐል አምስት ቋጠሮ አንድ በአንድ ቆረጠና ክሩን መዝዞ አወጣ፤ ምንም አላመመኝም። አክስቴ ወንድሟ ብቻውን እንዲመሰገን ስላልፈለገች የድርሻዋን ማር ቀባች። ከዚያ እሱ ቆሞ የነበረውን ጠርዝ በጣቱ ደልድሎ፣ በፕላስተር ጥርቅም አድርጎ አስተኛው። ሦስታችንም የእጃችንን ሥራ አይተን ተደሰትን። እውነት ለመናገር ሜዳ ሆኖ ነበር።

ሜዳው ሁለት ቀን አልቆየም። በአምስተኛው ቀን ጉንጬ ጋለ፤ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሳዛጋ መሐሉ እንደ ኪስ ተከፈተ።

ሐኪሟ ፕላስተሩን ገልጣ አየች። ቀጥላ አሸተተች።

«ማር ነው?»

«ትንሽ ነው» አልኳት።

«ስፌቱንስ ማን ፈታው?»

አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ከኔ ቁስል ይበልጥ ያስፈራ ነበር። አላስቻለኝም፤ «በእንቅልፌ አክኬው ይሆናል» አልኩ።

«በእንቅልፍሽ!» ማጉያ መነጽሯን አወረደች። «በእንቅልፍሽ አምስት ስፌት መርጠሽ፣ እያንዳንዱን ከቋጠሮው ሥር ቆርጠሽ፣ አንዲት ብጣሽ ክር ሳታስቀሪ፣ ቆዳውንም ሳትጭሪ? እዚህ የሰው እጥረት አለብን፤ ለምን እኛ ጋ መጥተሽ አትተኚም?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«እርስዎ ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ሐኪሟ ጣሪያውን አየች። ምናልባት ከዚያ በላይ ያለውንም። አባቴ ቀጠለ፤ «ጠርዙ ሽቅብ ቆሞ አየሁት፣ ዶክተር። የተጨማደደ መሰለኝ…»

«እኔ ነኛ ያቆምኩት! ሆን ብዬ!» ከመርገጫዋ ወረደች፤ አጥራም አላጠረች። «ቁስል ሲድን ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይሰጥማል። ዛሬ ሜዳ አድርጌ ብሰፋው ከሦስት ወር በኋላ ቦይ ይሆናል። ከፍ ያደረግኩት ሲሰጥም ከቆዳው ጋር እኩል እንዲሆን ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ አባት፤ ያልታጠበ አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲመጣልዎ ሱሪውን ልክክ አድርገው ነው የሚሰፉት?»

«ትርፍ እተውለታለሁ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ለምን?»

«ሲታጠብ ያጥራላ።»

«ታዲያ ደንበኛው ገና ሳያጥበው፣ ረዘመብኝ ብሎ እቤቱ ቢቆርጠውስ?»

«አይታረምም» አለ አባቴ። «ተጽፏል።»

«የት ነው የተጻፈው?»

አባቴ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቶቹ መዳበስ ጀመረ። እኔ ካርቶኑ ከነቀይ ቀለሙ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር መጣብኝ፤ ለቁስሌ ስል ዋጥኩት።

ሐኪሟ አየችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛ ዘንድ ይታረማል» አለች። «ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም። ግን ዛሬ አይደለም። ያመረቀዘ ቁስል ላይ መስፋት ለመግሉ ቤት ሠርቶ መስጠት ነው። ከሥሩ እየሞላ በራሱ ጊዜ ይዘጋ። ሰፊ ጠባሳ ይተዋል፤ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል። ዓመት ትጠብቃላችሁ። ሲለሰልስና ሲነጣ አሮጌውን አውጥቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። አይጠፋም፤ ይጠብባል። ጠባሳ አጠፋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው።»

በወሩ ቁስሉ ሞልቶ ተዘጋና አውራ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ጉንጬ ላይ ተቀመጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ ልደብቀውስ ብል የት ላድርገው?

ሥራዬ ደግሞ ከፊት ጋር ነው። መታወቂያ የሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካሜራ ኋላ ተቀምጬ ሰው ፎቶ አነሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰዎች ፎቷቸውን እያዩ «እኔ እኮ እንዲህ አይደለሁም» ይሉኛል፤ እኔም «ኧረ ያምራል!» እላለሁ፤ ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው። አሁን ተራው የኔ ሆነ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ጉንጬን ያይና ይደነግጣል፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ «ምንም አይታይም እኮ!» ይለኛል። ምኑ እንደማይታይ ግን ማንም አይነግረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ዓመት በተሰጡት መታወቂያዎች ላይ ሕዝቡ ሁሉ ሽቅብ የሚያየው በእኔ ምክንያት ነው።

አለቃዬም አሰበልኝ። ቢሮው ጠርቶ «ለአንቺው ብዬ ነው፤ የመዝገብ ክፍሉ ፀጥ ያለ ነው፣ የሚያይሽም ሰው የለም» አለኝ።

«ምንም አይታይም ብለውኝ አልነበር?»

«አይታይም! ምንም አይታይም። ግን…» አለና ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» አለ። ስልኩ አልጠራም ነበር። እኔም ተመልሼ ካሜራዬ ኋላ ተቀመጥኩ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሰው ዓይን ይለመዳል። የከፋው አባቴ ነው። ወደ ትከሻዬ ተመለሰ። የተሰበረውን መስታወት ባዶ ፍሬም ጓሮ አስቀመጠው፤ አዲስም አልገዛም። ደንበኛው ኮቱን ለብሶ «መስታወቱስ?» ሲለው «እኔ አይቼዋለሁ፣ ይበቃል» ይላል። መስታወት የሌለው ልብስ ሰፊ ማን ያምነዋል? ገበያው ቀዘቀዘ። እኔ የነገ አመሉን ስለማውቅ «አባዬ፣ መስታወት ግዛ እንጂ» አላልኩትም። ብለው ምን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንድ ሰው ጃኬት በፌስታል ይዞ ሱቁ ውስጥ ቆሟል። ብብቱ ሥር ተተርትሮ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ በሚመስል ወፍራም ክር ተሰፍቷል። «እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው» አለ ሰውየው። አባቴ ጃኬቱን አገላበጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አገጩን ወደ ካርቶኑ ሊያነሳ ጀመረና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «ረቡዕ ይምጡ» አለው። ሰውየው ከወጣ በኋላ ተረቷን ጠበቅኩ። አልመጣችም።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሟ ጠባሳዬን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ «በስሏል» አለች። ጉንጬ ላይ በእስክሪብቶ የቅጠል ቅርጽ ሳለች። አባቴ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ጠራችው።

«ይምጡ፣ ይዩ። ዘንድሮ ሳይገባዎት አይሄዱም። አሮጌውን እንዲህ በቅጠል ቅርጽ አወጣዋለሁ፤ ጫፍና ጫፉ ሹል የሆነው ሲሰፋ እንዳያብጥ ነው።»

«እንደ ወገብ ስፌት» አለ አባቴ። «ጫፉ ካልሾለ ይነፋል።»

«እንደሱ። ከዚያ ግራና ቀኙን ቆዳ ከሥሩ አላላዋለሁ፤ ሳይጎተት እንዲገጥም።»

«ውስጡን በምን ይሰፉታል?»

«በራሱ በሚሟሟ ክር። ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። የላዩ ክር ጠርዙን ከማስተካከል ሌላ ሥራ የለውም።»

«የኮት ትከሻ ማለት ነው» አለ አባቴ። «ሸክሙ በውስጡ ነው፣ ላዩ ለመልክ ነው።» መነጽሩን አወለቀና አጎነበሰ። «የላዩ ክር ስንት ቁጥር ነው?»

እሷ መርፌ አወጣች፤ እሱ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየና «አይ መርፌ!» አለ። ስለ ቋጠሮ ተጨቃጨቁ፤ ስለ እጅ ድካም አወሩ። ጉንጩ የኔ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

ሰፋችኝ። ሲያልቅ እንደ ድሮው፣ እንዲያውም ከድሮው ብሶ፣ ጠርዙ ሽቅብ ቆመ።

አባቴ ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈው አላውቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትንሿን ሹል መቀስ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት ባለ ዳቦ ቤቱ ሰጠው። አክስቴ ከነማሯ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«እኔ እንግዲህ ሐኪም አይደለሁም…» ብላ ጀመረች።

«አይደለሽም» አለ አባቴ። «እኔም አይደለሁም። ማሩን ወስደሽ በሻይ ጠጪው።»

አክስቴ ሦስት ቀን አኮረፈች። ቤቱ እንዴት ፀጥ እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ ስፌቱን ራሷ ፈታችው። ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ጥቅል አወጣች። «ዋናው ሥራ ገና አሁን መጀመሩ ነው» አለች። «ስትስቂ፣ ስታኝኪ፣ ስትናደጂ ቆዳሽ ጠባሳውን ግራና ቀኝ ይጎትተዋል፤ የተጎተተ ጠባሳ ይሰፋል። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ይህ ፕላስተር ይያዝልሽ። በየአምስት ቀኑ ይቀየራል። ፀሐይም አይንካው። የሚለጥፍልሽ ሰው አለ?»

እኔ መልስ ሳልሰጥ ወደ አባቴ ዞረች። «እጅዎን ያሳዩኝ።» ዘረጋላት። «አይንቀጠቀጥም። እርስዎ ይለጥፉ።»

«እኔ?» አለ አባቴ። «እኔ አልነካውም።»

«ጠርዝ ከጠርዝ ሳያዛንፍ የሚያገጥም ሰው ከእርስዎ ሌላ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ እቤታችሁ ድረስ አትመጣም።»

የመጀመሪያውን ቀን እስትንፋሱን ይዞ ለጠፈው። እኔም የሱን አይቼ የኔን ያዝኩ፤ ሁለታችን ታፍነን ልንሞት ነበር። የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው፤ ዓይኑ ከመስመሩ አንድ ጣት ወደ ላይ ከወጣ የኔን ዓይን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ከዚያ አይወጣም። ሲጨርስ ወደ ትከሻዬ ወርዶ «በቃ» ይለዋል፤ ለትከሻዬ ማለት ነው። በየአምስት ቀኑ እንዲህ ሆነ። ወር አለፈ፣ ሁለት አለፈ። እየዋለ እያደረ መተንፈስ ጀመረ፤ ከዚያም ማጉረምረም። «ተናደሽ ነበር ትናንት፣ ፕላስተሩ ላልቷል» ይለኛል። «አለቃዬ ነው» እለዋለሁ። «ለሱ ብለሽ ጉንጭሽን አታበላሺ» ይለኛል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰዉ ፕላስተሩን ራሱን እያየ «ምንም አይታይም እኮ!» ማለቱን አላቆመም።

ስድስተኛው ወር ባለቀ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አባቴ ወደ ሱቁ ጠራኝ። ስገባ መስታወት አለ። አዲስ፣ ቁመተ ረጅም፣ ግድግዳው ላይ በስምንት ብሎን የታሰረ። አራት ይበቃው ነበር። ሄጄ ነቀነቅኩት፤ ግድግዳው ካልመጣ እሱ አይመጣም። ከታች በኩል ግድግዳው ወጣ ገባ ስለሆነ መሐሉ ላይ የታጠፈ ካርቶን ጎስጉሶበታል። ከካርቶኑ ጫፍ ቀይ ቀለም ይታያል። ከስፌት መኪናው በላይ ያለውን ግድግዳ ቀና ብዬ አየሁት፤ ባዶ ነው።

አክስቴም ታርቃ መጥታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያመልጣታል? አባቴ መስታወቱ ፊት አቆመኝ። ፕላስተሩን በጥፍሩ ጫፍ አስነስቶ፣ ቆዳዬን በሌላው እጁ ደግፎ፣ ቀስ ብሎ ላጠው።

«አይታይም!» አለች አክስቴ፣ ገና ፕላስተሩ ተልጦ ሳያልቅ። «እልል ያሰኛል እኮ! ምንም አይታይም!»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ አገጬን ያዘና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረኝ። ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል እንዲህ ካደረገኝ። ከላይ እስከ ታች መስመሩን ተከተለ፤ ከታች እስከ ላይ መለሰው። ኮት ሲያስረክብ እንደሚያደርገው።

«ይታያል» አለ።

«አንተ ሰውየ!» አለች አክስቴ። «ለልጅህ እንዲህ ይባላል?»

«ምን ያህል ይታያል?» አልኩት።

«የአንድ ክር ያህል» አለ። «የቀጭኑ።»

ዓይኑ ከመስመሩ አንድ ጣት ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ሌላ አንድ ጣት። አየኝ። እጁ አገጬ ላይ ቀጥ ብሎ ነበር።

«ቸንክረው ብለሽኝ ነበር» አለኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ብዬህ ነበር።»

«ሰምቼሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ከሐኪሟ በቀር የሚታየውን ይታያል ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ለቅሶዬን ለቀቅኩት፤ የያዝኩትን ሁሉ፣ መኪና ውስጥ ያላለቀስኩትን ጭምር። እሱም እያለቀሰ በጀርባ እጁ ፊቴን ከደረቱ ገፋ አደረገ።

«ቀስ በይ» አለኝ፣ «ጉንጭሽን የሸሚዜ ቁልፍ ላይ አታሻሺው። ገና ነው።»